የተበላሸ ምጣድ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?
የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሒሳብ በአዲስ ቅዳም

የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤተ ሰብ ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ቀን የሚደርስበት ጥያቄ አለ። አብሲቱ ተጥሎ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ማሰሻው ተዘጋጅቶ ሳለ ምጣዱ አልግል ያለ እንደ ሆነ፣ የቤቱ እመቤት ወደ ጠጋኝ ትላክ ወይስ አዲስ ትግዛ የሚለውን በዚያው ሰዓት መቁረጥ ግድ ይሆንባታል። ሊጥ ቀን አይጠብቅም፤ ይሆመጥጣል። ስለዚህ ውሳኔው አብዛኛውን ጊዜ በችኮላ ይደረጋል፤ በችኮላ የተደረገ ውሳኔም ከገዢው ኪስ ያለ አግባብ ገንዘብ ያስወጣል፤ ሻጩንም ደንበኛ ያሳጣዋል።

ጉዳዩ የጓዳ ጉዳይ ብቻ ቢመስልም በእርግጥ የንግድ ጉዳይ ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ፣ መለዋወጫ የሚያስመጣ፣ የሚጠግን፣ ምጣድ ከሸክላ የሚሠራ፣ በተጠገነውም ምጣድ እንጀራ ጋግሮ የሚሸጥ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ጋር የተሳሰረ ነው። ነገሩን ከአንድ ስፍራ ተነሥቶ ለመመርመር በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው አዲስ ቅዳም ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። ከተማዪቱ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ትገኛለች፤ ስሟም ራሱ የቅዳሜን ገበያ ያስታውሳል።

ከሰል በሞላበት አገር የኤሌክትሪክ ምጣድ ስለ ምን?

ፋግታ ለኮማ በከሰል የታወቀ ወረዳ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣውና ገበሬው ዲከረንስ ብሎ የሚጠራው የግራር ዘር፣ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አብሮ ተዘርቶ፣ በአራትና በአምስት ዓመት ውስጥ ለከሰል ይደርሳል። የዚህ ወረዳ ከሰል በጭነት መኪና ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይሸጣል። እንዲህ ባለ ስፍራ ምጣዱ የተበላሸበት ሰው፣ «ማገዶ ከደጄ አለ፤ ምን ቸገረኝ» ሊል ይችላል።

ይህ አነጋገር ግን ሒሳቡን በሙሉ አያይም። የሚሸጥ እንጨት በቤት ውስጥ በነደደ ቁጥር የሽያጩ ገንዘብ አብሮ ይነድዳል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዝገት የሚባለው የተክል በሽታ በዲከረንስ ላይ ተነሥቶ ብዙ ማሳ ጎድቷል፤ ስለዚህ እንጨቱ እንደ ቀድሞው እንደ ልብ የሚገኝ ነው ብሎ መተማመን አይቻልም። በክረምትም ማገዶው ይረጥባል፤ ጭሱ የጋጋሪዋን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ምርጥ የተባለው የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል ቢባልም፣ የሚቆጥበው ማገዶን እንጂ የመልቀሚያውን፣ የመፍለጫውንና የማንደጃውን ጊዜ በሙሉ አይደለም። እንግዲህ ምጣዱ ተበላሽቶ በተቀመጠበት ቀን ሁሉ ባለቤቱ ሳያውቀው የሚከፍለው ዋጋ አለ። «ይጠገን ወይስ ይለወጥ» ከሚለው ጥያቄ ፊት ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ እንዳለ ትቶ መቀመጥም በነፃ አይደለምና።

አስቀድሞ በሽታውን ማወቅ

ብዙ ሰው ምጣዱ አልሞቅ ሲለው ወዲያው ዕቃው አረጀ ብሎ ይፈርዳል። ነገር ግን ጥፋቱ ሁልጊዜ የምጣዱ አይደለም። ለ220 ቮልት የተሠራና 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ፣ የመስመሩ ቮልቴጅ ወደ 180 የወረደ እንደ ሆነ የሚሰጠው ሙቀት በ2,340 ዋት ገደማ ይወሰናል። ቮልቴጁ የጎደለው ከአምስት አንድ እጅ ባልሞላ ሲሆን ሙቀቱ ግን አንድ ሦስተኛ ያህል ይጎድላል። ይህም የሚሆነው ሙቀቱ የሚቀንሰው በቮልቴጁ ልክ ሳይሆን በቮልቴጁ ካሬ ልክ ስለ ሆነ ነው። እንጀራው ዓይን አላወጣ ያለው፣ ከምጣዱም አልነሣ ብሎ የተያዘው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ከጣና ሐይቅ በሚነሣው ውኃ የሚሠራው የበለስ ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት እንዲሰጥ ሆኖ ተመርቋል። ታላቁ የኅዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይሁን እንጂ የማመንጫው መብዛት ብቻውን በመጨረሻው ምሰሶ ላይ ያለውን ቤት ቮልቴጅ አያስተካክልም፤ ይህ የማከፋፈያው መስመር፣ የትራንስፎርመሩና የቤቱ ሽቦ ውፍረት ጉዳይ ነው። በአንድ ሰፈር ያሉ ቤቶች ሁሉ በአንድ ሰዓት ምጣዳቸውን ሲጥዱ መስመሩ መድከሙ የታወቀ ነው።

ስለዚህ ጠጋኝ ከመጠራቱ በፊት ሦስት ነገሮች ሊታዩ ይገባል። አንደኛ፣ የጎረቤት ምጣድ በዚያው ሰዓት ይግላልን? ሁለተኛ፣ ምጣዱ በማለዳ ወይም በሌሊት ሲጣድ ይሻለዋልን? ሦስተኛ፣ ሶኬቱና መሰኪያው ጠቁሯልን? ወይስ የመቃጠል ሽታ አለው? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥፋቱ የመስመር መሆኑን ያመለክታሉ፤ ሦስተኛው የሶኬቱን ወይም የቤቱን ሽቦ ጥፋት ያሳያል። ይህን ሳያረጋግጡ አዲስ ምጣድ መግዛት፣ አዲሱንም በዚያው በደከመ መስመር ላይ ሰክቶ ዳግመኛ ማዘን ነው።

የምጣዱ ሦስት ክፍሎች

ጥፋቱ የምጣዱ መሆኑ የተረጋገጠ እንደ ሆነ፣ ቀጥሎ የሚጠየቀው የትኛው ክፍል ተበላሸ የሚለው ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ በሦስት ከፍሎ ማየት ይቻላል፤ ይኸውም ሽቦው፣ ሸክላውና አካሉ ነው።

ሽቦው በሸክላው ጀርባ በተቦረቦረው መስመር ውስጥ ተጠምዝዞ ይተኛል፤ በላዩም ጀሶ ይመረጋል። በየጊዜው እየጋለና እየቀዘቀዘ ስለሚኖር ይደርቃል፤ በመጨረሻም ይበጠሳል። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ጠጋኝ የተበጠሰውን ሁለት ጫፍ አጠማዝዞ ያገናኘዋል። ይህ ጥገና ርካሽ መስሎ የሚታየውን ያህል ርካሽ አይደለም። አንደኛ፣ የተጠማዘዘው ስፍራ ከሌላው ይልቅ ስለሚግል መጀመሪያ የሚበጠሰው እርሱ ነው። ሁለተኛ፣ ሽቦው ባጠረ ቁጥር የሚስበው ኀይል ይጨምራል። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ ከሽቦው አንድ አሥረኛው ቢቆረጥ 3,890 ዋት ገደማ ይደርሳል፤ አምፔሩም ወደ 17.7 ከፍ ይላል። ለ16 አምፔር የተሠራ ሶኬት ይህን ጭነት ለረጅም ጊዜ ሊሸከም አይገባውም። የቀለጠ ሶኬት፣ ከዚያም አልፎ የተቃጠለ ጓዳ፣ ከእንዲህ ያለው ርካሽ ጥገና ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሽቦው የተበጠሰ እንደ ሆነ የሚሻለው መቀጠል ሳይሆን ልኩን የጠበቀ ሙሉ ሽቦ መተካት ነው።

ሸክላው ሁለተኛው ክፍል ነው። ቀጭን ስንጥቅ ያለበት ሸክላ ለጊዜው ይጋግር ይሆናል፤ ነገር ግን ሊጥና ዘይት በስንጥቁ ሾልኮ ወደ ሽቦው የገባ እንደ ሆነ ሽቦው ዕድሜ የለውም፤ የጋጋሪዋንም እጅ ኤሌክትሪክ ሊይዘው ይችላል። በዚህ ጊዜ ስንጥቁን መለሰን ሳይሆን ሸክላውን መለወጥ ያስፈልጋል። ደግነቱ ሸክላ በአገር ውስጥ የሚሠራ በመሆኑ ሙሉውን ዕቃ መጣል ግድ አይደለም። የተለወጠው ሸክላ እንደ ማንኛውም አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር በሚገባ መሟሸት አለበት፤ ያልተሟሸ ሸክላ እንጀራ ይይዛል፤ እንጀራውም ሲላቀቅ ይበጣጠሳል፤ ጋጋሪዋም ጥፋቱን በጠጋኙ ላይ ትጥለዋለች።

ሦስተኛው አካሉ ነው፤ ማለት የብረት ዙሪያው፣ እግሩ፣ ክዳኑ፣ ማብሪያ ማጥፊያውና የውጭ ገመዱ። ማብሪያ ማጥፊያና ገመድ በቀላሉ ይለወጣሉ። የብረቱ ዙሪያ በዝገት ተበልቶ ሸክላውን መያዝ ያቃተው እንደ ሆነ ግን የጥገናው ነገር አብቅቷል፤ ሽቦም ሸክላም ብረትም በአንድ ጊዜ የሚለወጥ ከሆነ ይህ ጥገና ሳይሆን በውድ ዋጋ አዲስ መግዛት ነው።

የወር ዋጋ

የጥገናን ዋጋ ከአዲስ ዕቃ ዋጋ ጋር እንዲሁ ማስተያየት ብዙ ሰውን ያሳስታል። ጥገና ምንጊዜም ከአዲስ ስለሚረክስ፣ እንዲህ ያለ ሒሳብ ሁልጊዜ «ጠግን» ይላል። ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዱን ዋጋ ዕቃው ወደፊት በሚያገለግልበት ወር ማካፈል ነው። ከዚህ በታች ያሉት አኃዞች የሒሳቡን መንገድ ለማሳየት ብቻ የተወሰዱ ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

አዲስ ምጣድ 6,000 ብር ተገዝቶ አራት ዓመት ቢያገለግል፣ የወር ዋጋው 125 ብር ነው። ሙሉ ሽቦ መለወጥ ከእጅ ዋጋው ጋር 900 ብር ቢያስወጣና ምጣዱ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ቢሠራ፣ የወር ዋጋው 75 ብር ይሆናል፤ ስለዚህ ጥገናው ያዋጣል። ሸክላውም ጭምር ተለውጦ 1,800 ብር ቢያስወጣና 18 ወር ቢያገለግል 100 ብር ነው፤ አሁንም ጥገናው ይመረጣል። ነገር ግን 900 ብር የተከፈለበት ጥገና አምስት ወር ብቻ ከቆየ የወር ዋጋው 180 ብር ስለሚደርስ፣ ርካሽ የተባለው ጥገና ከአዲሱ በለጠ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሥራ የሚፈታበት ቀን ሊጨመር ይገባል። ለቤቷ ብቻ በሳምንት ሁለት ጊዜ የምትጋግር ሴት፣ ምጣዱ ሁለት ቀን ቢቆምባት ከጎረቤት ትጋግራለች፤ ጉዳቷ ጥቂት ነው። እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት የምታቀርብ ሴት ግን እንደዚህ አይደለችም። በቀን 60 እንጀራ እየጋገረች ከእያንዳንዱ 3 ብር ብታተርፍ፣ አንድ የቆመ ቀን 180 ብር ይወስድባታል። የተጠገነው ምጣድ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜውም ሁለት ሁለት ቀን ቢያስቆማት፣ በዓመት 720 ብር፣ በወርም 60 ብር ታጣለች። ይህ በ75 ብሩ ላይ ሲደመር 135 ብር ይሆናል፤ ከአዲሱ 125 ብር ይበልጣል። በተጨማሪም አንድ ቀን እንጀራ የቀረበት ምግብ ቤት ወደ ሌላ ጋጋሪ ሊሄድ ይችላል።

እንግዲህ አንድ ዓይነት ምጣድ፣ አንድ ዓይነት ብልሽት፣ አንድ ዓይነት የጥገና ዋጋ ሆኖ ሳለ፣ ለአንዲቱ ቤት መልሱ መጠገን፣ ለሌላዪቱ መለወጥ ይሆናል። ልዩነቱ ያለው በዕቃው ሳይሆን ዕቃው በተሸከመው ሥራ ላይ ነው። ለዚህም ነው ለሁሉ የሚሆን አንድ ደንብ ማውጣት የማይቻለው፤ ሒሳቡን የመሥሪያውን መንገድ ማወቅ ግን ሁሉም ይችላል። እንጀራ ለሚሸጡ ሴቶች ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ይኸውም አዲሱን ገዝቶ የድሮውን በሙሉ ሽቦ አስጠግኖ ለተጠባባቂነት ማኖር ነው።

የኤሌክትሪክ ሒሳብ

አዲስ ምጣድ መብራት ይቆጥባል የሚባለውም ቢሆን በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ ሳያቋርጥ ሁለት ሰዓት ቢሠራ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ በወር ስምንት ጊዜ ቢጋገርበት 56 ይደርሳል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር በየእርከኑ ከፍ የሚል ነው፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህም ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ እንዲሄድ ተወስኗል። ስለዚህ ቀድሞ ችላ ይባል የነበረው የቆጣሪ ሒሳብ አሁን በውሳኔው ውስጥ ስፍራ ያገኛል።

ነገር ግን አዲስ ስለ ሆነ ብቻ የሚቆጥብ ምጣድ የለም። ሸክላው ያለ መጠን የወፈረ ከሆነ ለመጋል ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ከሽቦው በታች ሙቀት የማያሳልፍ ንጣፍ ከሌለውም ሙቀቱ ወደ መሬት ይባክናል። ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው የቀለሙን ማማር ሳይሆን እነዚህን ሁለቱን ነው። የድሮውም ምጣድ ሽቦው በሚለወጥበት ጊዜ ከሥሩ ንጣፍ ሊደረግለት ይችላል። ሊጡን አስቀድሞ አዘጋጅቶ በአንድ ጊዜ ብዙ መጋገር ደግሞ ለማሞቂያ የሚጠፋውን ኀይል ይቀንሳል፤ ለዚህ አንድ ብርም አይወጣም።

ስለ ማቀዝቀዣና ስለ ሌሎች ዕቃዎች

የምጣዱ ሒሳብ ለሌሎችም ዕቃዎች ያገለግላል፤ መልሱ ግን እንደ ዕቃው ይለያያል። ካውያና ባለ ሽቦ የኤሌክትሪክ ምድጃ በቀላሉ ይጠገናሉ። የማቀዝቀዣ በር ጎማ የላላ እንደ ሆነ መለወጡ በእርግጥ ያዋጣል፤ በሩ ላይ ወረቀት አስይዞ ሲዘጉት ወረቀቱ ያለ ችግር ከወጣ ጎማው አልቋል ማለት ነው። ሞተሩ የተቃጠለ እንደ ሆነ ግን የጥገናው ዋጋ ከፍ ያለ ስለሚሆን፣ በተለይ ዕድሜው በገፋ ማቀዝቀዣ ላይ መለወጥ ይሻላል።

የማቀዝቀዣው ጋዝም ሊታይ ይገባዋል። በድሮ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ይገኝ የነበረው አር 12 የተባለው ጋዝ የኦዞንን ሽፋን የሚጎዳ ሆኖ በመገኘቱ፣ በ1980 ዓ.ም. መግቢያ በሞንትሪያል በተፈረመው ስምምነት መሠረት በማደግ ላይ ባሉ አገሮች ጭምር ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል። እንዲህ ያለ አሮጌ ማቀዝቀዣ ጋዙ የፈሰሰ እንደ ሆነ በገንዘብ ላይ ገንዘብ ማውጣት አይመከርም። በአንጻሩ በብዙዎቹ አዳዲሶች ውስጥ ያለው አር 600ኤ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለ ሆነ፣ ያልሠለጠነ ሰው እንዲነካው መፍቀድ አደጋ አለው።

የመለዋወጫ ጉዳይ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሆኗል። ቀድሞ ከ60 ብር በታች የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የዚህ ውጤት በማቀዝቀዣውም፣ ከውጭ በሚመጣው የምጣድ ሽቦም ላይ ታይቷል። ሆኖም አንድ ጥቅል ሽቦ የሚወስደው ምንዛሪ አንድ ሙሉ ዕቃ ከሚወስደው እጅግ ያነሰ ነው፤ ሸክላውና የእጅ ሥራው ደግሞ ከነጭራሹ ምንዛሪ አይጠይቁም። ስለዚህ ምንዛሪ በተወደደ ቁጥር የጥገና ሥራ ዋጋ ያገኛል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት፣ በትልልቆቹ ከተሞች ብቻ የሚገኝ መለዋወጫ ወደ ትንንሾቹ ከተሞች ሳይደርስ ቀርቷል። እንዲህ በሚሆንበት ጊዜ በአዲስ ቅዳም ባለ አንድ መደብር መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ትክክለኛ ሽቦ፣ በባሕር ዳር ካለ አዲስ ምጣድ ይልቅ ለጋጋሪዋ ይጠቅማል።

ሕጉ የሚለው

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ለተለመደው አገልግሎት የሚበቃ ስለ መሆኑ ዋስ እንደ ሆነ ይደነግጋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ፣ ሸማቹ በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ያገኘ እንደ ሆነ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት ለመጠየቅ እንደሚችል ይገልጻል፤ ከዚህ የተሻለ ዋስትና በውል የተሰጠው እንደ ሆነም ያ ይጠበቅለታል። ስለዚህ አዲስ ምጣድ የገዛ ሰው ዕቃውን ለበዓል ብሎ በካርቶኑ ውስጥ ማቆየት የለበትም፤ በመጀመሪያው ሳምንት አሟሽቶ ሊጋግርበት፣ ደረሰኙንም በጥንቃቄ ሊያኖር ይገባል።

ለነጋዴውና ለጠጋኙ

አንዳንድ ነጋዴ መለዋወጫ መሸጥ የአዲስ ዕቃን ገበያ የሚያበላሽ ይመስለዋል። በትንሽ ከተማ ይህ አስተሳሰብ አያዛልቅም። ደንበኛው ከገዛበት መደብር ሽቦና ማብሪያ ማጥፊያ የሚያገኝ መሆኑን ሲያውቅ፣ የመለወጫው ጊዜ በደረሰ ቀን አዲሱን ከዚያው ይገዛል፤ መለዋወጫ አጥቶ የተመለሰ ደንበኛ ግን ሲመለስ ወደ ሌላ ደጅ ነው። መደብሩ ሊይዛቸው የሚገባቸው ዕቃዎች ብዙ አይደሉም፦ ዋቱ የተጻፈበት ሙሉ ሽቦ፣ ጭነቱን የሚችል መሰኪያና ሶኬት፣ ወፍራም ገመድና ማብሪያ ማጥፊያ ይበቃሉ።

ጠጋኙም በበኩሉ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ዋጋውን ቢናገር፣ ያወጣውን አሮጌ ሽቦ ለባለቤቱ ቢያሳይ፣ የተጠገነበትን ቀንና የሽቦውን ዋት በትንሽ ወረቀት ጽፎ ቢሰጥ፣ ለጥገናውም ቢያንስ የሦስት ወር ዋስትና ቢገባ፣ የወር ዋጋው ሒሳብ ለባለቤቱ ይቀላል። «ይህ ምጣድ ከእንግዲህ አይጠገንም» ብሎ በግልጽ የሚናገር ጠጋኝ የአንድ ቀን የእጅ ዋጋ ቢያጣም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቃሉ ይታመናል። የመሬት ሽቦ የሌለውን ምጣድ ግን ደንበኛው ቢለምነውም እንኳ ሠርቶ መስጠት የለበትም።

ባለቤቷም ምጣዷ ገና እየሠራ ሳለ ልታዘጋጅ የሚገባት ነገር አለ፤ የገዛችበትን ቀን፣ የተጠገነበትን ጊዜና የከፈለችውን ገንዘብ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋ ከደረሰኙ ጋር ማኖር ነው። ያን ጊዜ ሊጡ ኩፍ ብሎ ምጣዱ አልግል ባለ ቀን፣ ውሳኔው ሁለት አኃዝ የማካፈል ያህል ይቀላል።